የሀቢሶ ድርሻ

ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለፅናት፤

ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ ተነሥቶ ሳውላ እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ጤና ከደጃፍሽ አይራቅ። ላሟን፣ ጓሮውን፣ ያቺን ሌባ ድመት፣ በመጨረሻም ጥርሷን ጨርሳ ምላሷን ያተረፈችውን እህቴን የዓለምወርቅን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ላንቺም መንገድ የጠፋበትን ባልሽን ይምራልሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትያለሽ። ስልክ ስደውል ድምፁን ለቃችሁ መሀል ምንጣፍ ላይ ታስቀምጡኛላችሁ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ «ጋሼ፣ እዚያ በረዶ አለ?» ይለኛል፤ እህቴም ሁሉንም ትሰማለች። እኔ ደግሞ አንቺ ቀድመሽ አንብበሽ፣ ለእሷ የሚሆነውን መርጠሽ እንድታነቢላት ነው የምፈልገው። ዕድሜዬን ፖስታ ቤት የጨረስኩ ሰው ደብዳቤዬን በሰው እጅ መላኬ ያሳፍራል። ምን ላድርግ፣ የጣሃ እህት ቢልቂስ ልብስ እየነገደች ከዚህ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሳውላ ትመላለሳለች። ቴምብር አትጠይቅም፤ ወሬ ግን ትጠይቃለች።

ጣሃ ማነው ብትዪ፣ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ነው። አጎትሽ ይገዙ ጠዋት ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሲሄድ እኔን እንደ ሕፃን ለጣሃ አስረክቦኝ ይሄዳል። ከብረት ፍርግርጉ ኋላ የለስላሳ መጠጥ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ደንበኛው በመስኮት እጁን እየሰደደ «ሳውቦና ምኩሉ!» ይለኛል፤ ደኅና ዋልክ አያቴ ማለቱ ነው። እኔም «ሳውቦና» እልና ዳቦውን አቀብላለሁ። ጣሃ «አባባ፣ ወላሂ ከእርስዎ ወዲህ ገበያ ጨመረ» ይላል። ደመወዝ ስጠኝ ስለው ግን አማርኛ ይጠፋበታል።

ሆዴን ያያሉ ተብዬ መምጣቴን ታውቂያለሽ። እያዩት ነው። ብዙ የሚታይ ነገር ሳያገኙበት አይቀሩም፣ ደጋግመው ይጠሩኛል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የአጎቴን የሀቢሶን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ ግን የምታውቂው በእህቴ አፍ ነው፤ እሷ ደግሞ ካፒቴኑን በየዓመቱ አንድ ክንድ ታስረዝመዋለች። የእኔን ስሚ። ካፒቴን ሞርላንድ የሚባል፣ አንድ ወታደር ሳይኖረው ካፒቴን የሆነ እንግሊዝ፣ ዛሬ ቱርካና በሚሉት በሩዶልፍ ሐይቅ በኩል ዝሆን እያሳደደ ጎፋ ወጣ። ዝሆኑን ፈጀው። ጥርሱን የሚሸከሙለትን ጎልማሶች ከየመንደሩ ለቀመ፤ ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ይሄን እህቴ አትነግርሽም። አያታችንን ከቤቷ አምጥቶ አስቀመጣት። ሁለት ልጅ ወለደችለት፦ ሀቢሶን፣ ከእሱ በታች እናታችንን ወለተሥላሴን። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው «ጆሃንስበርግ ወስጄ ሰው አደርገዋለሁ» ብሎ በበቅሎ አፈናጦት ሄደ። ለእኛ የቀረን ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍና «የካፒቴኑ ቤት» የሚለው ስም ነው። በዚያ ስም ስንት ዘመን አንገታችንን አስረዘምንበት!

ለሀቢሶ ግን አልተለቀሰም። የመስቀል ዋዜማ የቤቱ አለቃ ደጃፍ ላይ ቆሞ የወንዶቹን ስም ሲጠራ፣ የተጠራው በጎፋኛ «አለሁ» ብሎ የተለኮሰ ችቦውን ሲቀበል፣ ሀቢሶም ይጠራል። መልስ የለም። ችቦው አጥር ላይ ይሰካል፤ በማግስቱ የሥጋ ድርሻው በር ላይ ተሰቅሎ ለመጀመሪያው መንገደኛ ይሰጣል። ይህ የሚቀረው መሞቱ በርግጥ ታውቆ፣ ልቅሶው ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ ራሱ ያንን ድርሻ ሲበላው ብቻ ነው። እናታችን ልትሞት ስትል «ሳታውቁ እንዳትበሉበት» ብላ ለእህቴ አደራ ሰጠቻት። እህቴም እኔን አውሮፕላን ሳልሳፈር ኮሌታዬን ይዛ «ሳታገኘው እንዳትመጣ» አለችኝ።

እንግዲህ ደስ ይበላችሁ፣ አገኘሁት! ሁለት የወርቅ ጉድጓድ፣ አንድ ባቡር፣ ሦስት ሚስት አለው። መቶ አሥራ አምስት ዓመቱ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ቴኒስ ይጫወታል። «እህቴ ወለተሥላሴ ሥጋዬን ለመንገደኛ ሰጠችብኝ» ብሎ አኩርፏል።

ኧረ ቀልዴን ነው። እውነቱ፣ ይገዙ የካፒቴኑን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ቤቱን አገኘው። የካፒቴኑ የልጅ ልጅ እስከ ዛሬ ትኖርበታለች። እዚህ አገር የወለደው ልጁ ልጅ ናት። ለእኔ የአጎት ልጅ መሆኗ ነው፤ እሷ ግን ገና አታውቅም፣ እንዳትደነግጥ ጢሜን ልላጭ ነው።

አያትሽ በርናባስ


ሳውላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአያቴ ለአባባ በርናባስ፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። ፈጣሪ ከሄዱበት ሕመም አላቅቆ፣ በራስዎ እግር በዚህ በር ያስገባዎ። እኛ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ደኅና ነን።

ደብዳቤዎን ለእማማ የዓለምወርቅ መርጬ ለማንበብ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳገላብጥ «ዘለልሽ!» አሉኝ። ዓይናቸው አያይም፣ ጆሯቸው ግን የወረቀት ድምፅ ይለያል። ስለዚህ ሁሉንም አነበብኩ። ጥፋቱ ከዚህ ጀመረ። ሁለቱን የወርቅ ጉድጓድ ሲሰሙ እልል አሉ። «ቀልዴን ነው» የሚለውን ሳነብ ጎረቤት ሰሊማ ድምፁን ሰምታ ገብታለች፣ እልልታው በአጥር ተሻግሯል። አሁን ገበያ ስወጣ «ሀቢሶ ባቡር ልኮላችኋል አሉ» እያሉኝ ነው። እባክዎ አባባ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ይተዉልን።

ይህን ያህል የምለምንዎ እማማ ስለታመሙ ነው። ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ከአልጋ የሚነሱት ተደግፈው ነው። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ፤ ይውጡታል፣ ለእኔ ብለው። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «ከእኔ በፊት የሚለቀስለት ሰው አለ።» ማታ አጠገባቸው ስተኛ ደግሞ ያላሰብኩትን ነገሩኝ። «እኔ ከሞትኩ ስሙን ማን ያስጠራል? ሐዲስ ለእኔ ብሎ ነው የሚጠራው። አንድ ዓመት ይረሳል፣ በሁለተኛው ይተወዋል። ያኔ ሳይለቀስለትም ሳይጠራም ይቀራል።» ወንድሜ ሐዲስን ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ስለዚህ ይፍጠኑ። ጉድጓድም ባቡርም አያስፈልገንም። ሞቶ ከሆነ መሞቱን፣ ቢቻል ደግሞ የት እንዳለ።

ሆድዎስ? «እያዩት ነው» ብለው አለፉኝ። ነርስ መሆኔን አይርሱ።

ልጅዎ ፅናት


ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፅናት፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእህቴ አልጋ። ክረምቱ ከቤታችሁ ጭቃውን ብቻ አስገብቶ በሽታውን ውጭ ያስቀርላችሁ።

ሄድን። ፓርክታውን የሚባል ሰፈር ነው፤ አጥሩ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል። ጣሃ ባኪ በሚሏት የጭነት መኪናው ወሰደኝ፤ ለማስተርጎምም ለመደገፍም። በሩ ላይ ዘበኛው አንድ ነገር ጠየቀ። «ዕቃ ልታደርሱ ነው ወይ ይላል» አለኝ ጣሃ። «አዎ፣ የካፒቴኑን አፍንጫ አምጥተናል በለው» አልኩት። አላለውም፤ ፈሪ ነው።

ሴትዮዋ ራሷ ወጣች። ማርጀሪ ትባላለች። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተቀደደ፤ ከእሷ የሚያረጅ ውሻ ተከትሏታል። አፍንጫዋን ሳይ የእህቴን አፍንጫ ማን አመጣው ብዬ ልጮህ ነበር። ሻይ አቀረበች። ግድግዳው ላይ እኛ ቤት ያለው ፎቶግራፍ አለ፤ ያው ጠመንጃ፣ ያው የተረገጠ ዝሆን። የእነሱ ክፈፉ ብር ነው። የዝሆን ጥርሶቹ ራሳቸው ምድጃው ግራና ቀኝ ቆመዋል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ዝግ ብለሽ አንብቢው።

«አያትሽ ከሐበሻ አገር ልጅ ይዘው መጥተው ነበር?» ብዬ አስጠየቅኳት። ስሙን አልጠራሁም።

«ልጅ አላመጡም» አለች። «አሽከር ግን ነበረ። ጂም። በልጅነቱ ከሰሜን ይዘውት የመጡት ነው። አትክልተኛችን ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ እሱ ጎልማሳ ነው፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖር ነበር።»

«ከዚህ ሌላ ስም አልነበረውም?»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ስም መሆኑን አላውቅም» አለች። «በዓመት አንድ ማታ፣ ሣሩ ደርቆ ጸደይ ሊገባ ሲል፣ ጭራሮ አስሮ ይለኩስና የወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ቀኑን በምን እንደሚያውቅ አናውቅም። ከዚያ አንድ ቃል ይጮኻል። ዝም ይላል። በሌላ ድምፅ፣ በቀጭን የልጅ ድምፅ፣ ለራሱ ይመልሳል። ጸሎት ይመስለን ነበር።»

«ቃሉን ታስታውሺዋለሽ?»

«ሀቢሶ» አለች።

ጣሃ ሊያስተረጉምልኝ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገርሽ። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ በዚያው ማታ ነፋስ ተነሣና ከችቦው ፍንጣሪ የፈረሶቹን ጋጥ ሣር ክዳን ያዘው። አንድ ፈረስ ተቃጠለ። ካፒቴኑ ያኔ አርጅቷል፣ ግን በሕይወት አለ። ፖሊስ አስጠራ። «ይህ ሰው የውጭ ነው፣ የይለፍ ወረቀት የለውም» አለ። በዚያ ዘመን ወረቀት የሌለው ጥቁር ወደ እርሻ ይጋዝ ነበር። ድንች እርሻ ላኩት። ልጄ ነው አላለም። በሚቀጥለው ክረምት የእርሻው ሰው ቁርስ ላይ መጥቶ «ያ የላካችሁት ሞቷል፣ ሌላ አላችሁ ወይ?» ብሎ በር ላይ ቆመ። ማርጀሪ ማዕዱ ላይ ነበረች። ካፒቴኑ «የለም» አለና እንቁላሉን በልቶ ጨረሰ።

ሰው አደርገዋለሁ ብሎ የወሰደው ይኸው ነው።

የትኛውን እንደምታነቢላት አንቺ እወቂ። ግን ልቅሶውን አስቀምጧት።

በርናባስ


ሳውላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ በርናባስ፤

ዕንባዬ ወረቀቱን አበላሽቶት ይሆናል፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር የተናገረውን አንደበትዎን ያጽና፣ የሰማውን ጆሯችንንም።

ሁሉንም አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አልዘለልኩም። ጨርሼ ቀና ስል እማማ እየሳቁ ነው።

«ይሄ ልጅ ሰማንያ ዓመቱም አልፎ አልተወውም!» አሉ። «ደግሞ እንቁላል ጨመረበት።»

«እማማ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አልኳቸው።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። አልተወለድሽም። ሞቻለሁ ብሎ ከአርባ ምንጭ ቴሌግራም ልኮብን ድንኳን አልተከልንም? ፀጉሬን ተላጭቼ ፊቴን ስነጭ በጓሮ ገብቶ ንፍሮውን ሲበላ አልተገኘም? የራሱን ሞት የቀለደ ሰው የሀቢሶን ሞት እንዴት ብዬ ልቀበለው?»

እኔ አምኜዎታለሁ። ስለ ባል አንዴም ሳያላግጡብኝ የላኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነውና። ለእሳቸውም እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። መሳቃቸውን አቆሙ። በሦስተኛው ጠዋት አጥሚቱን ሳጠጣቸው ማንኪያውን በእጃቸው ያዙት።

«እንግዲያው ይጠይቅልኝ» አሉ። «ሀቢሶ ደጃፍ ላይ ተጠርቶ ችቦውን ሲቀበል የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረች። እናቴ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ በርናባስ ያኔ ጡት አልተወም። ያቺ ፈረንጅ እሱን ካየች፣ ይህችንም አይታታለች። ምን እንደነበረ ትንገረው፣ ይጻፈው። ከገጠመ ድንኳኑን ትከሉ። ካልገጠመ ግን ሥጋው ይሰቀላል፣ እኔም አልሞትም።»

ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ለመንኳቸው፣ አልነገሩኝም። «ብነግርሽ ትጽፊለታለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አባባ፣ ከአጥሚት ሌላ ወደ አፋቸው የሚገባ የለም። መስቀል ሩቅ አይደለም። ቢልቂስ ደግሞ እርስዎ መክሳትዎን ነገረችኝ፤ ካፖርትዎ ሰው ያልለበሰው ይመስላል አለች። ለዚህም መልስ እጠብቃለሁ።

ፅናት


ጆሃንስበርግ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፅናትና ለእትዬ የዓለምወርቅ፤

ዘመኑ ሊገባደድ ነው፤ በአሮጌው የያዘን ሁሉ ከአሮጌው ጋር ይለቀን። ይህን የሚጽፈው ጣሃ ነው፣ እኔ እላለሁ። እጄ ሰንፏል። የዘገየሁትም ይገዙ ጥቂት ቀን ሆስፒታል አስተኝቶኝ ነው። አልጋው ምቹ ነበር፤ አሁን ወደ መልሱ።

እትዬ፣ ስለ ቴሌግራሙ ምንም አልልም። ንፍሮው ጥሩ ነበር።

ተመልሰን ሄድን። ጣሃን አስቀድሜ አስምዬዋለሁ፤ ከጥያቄው ውጭ አንድ ቃል እንዳይጨምር፣ በዓይኑም እንዳይመራት። «ጂም እሳቱን ሲይዝ የሚያደርገው ነገር ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

«እሳቱን በቀኝ እጁ ይይዛል» አለች። ጣሃ ነገረኝ። ማንም በቀኙ ይይዛል። ውሻው መጥቶ እግሯ ላይ ተኛ። ከዚያ ምርኩዟን ወንበሩ ላይ አስደገፈችና ግራ እጇን አነሣች። ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች። ትከሻዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፣ አንገቷን ቀበረች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እንደዚያ ሆና ቆየች። ሰማንያ ሊሞላት የደረሰች አሮጊት ፊቴ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነችብኝ።

«ትልቅ ሰው ሆኖም እንዲህ ያደርግ ነበር» አለች። «እኛ ልጆቹ እያስመሰልነው እንስቅ ነበር። አያቴም በረንዳው ላይ ሆነው ይስቁ ነበር።»

እትዬ፣ ከገጠመ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።

ያ ሳቅ እንቅልፍ ነሣኝ። ካፒቴኑ ጎፋ ውስጥ ስንት መስቀል ውሏል። ያ ስም ምን እንደሆነ፣ ያ መልስ ምን እንደሆነ፣ ደጃፍ ላይ መጥራት የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ጠሪው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ልጁ ራሱን ሲጠራ ኖረ። እኛ ደግሞ በዚያው ማታ እዚያ እንጠራዋለን። ሁለቱም ጋ ጥሪው ነበረ።

ማርጀሪ በር ላይ ስትሸኘን «ዘመድ ነን ማለት ነው?» አለችኝ። «አፍንጫሽን ጠይቂ» አልኳት። ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ተበላሸ። አንደኛውን የዝሆን ጥርስ ውሰድ አለችኝ። «የተሸከሙትን ሰዎች ስም ካወቅሽ እወስደዋለሁ» አልኳት። አላወቀችም። ክፉ ሰው አይደለችም። እኔን ተቀብላ ስታቅፈኝ አጥንቴን አጥንቷ አገኘው።

እርሻውም ድረስ ሄደናል። አሁን የሚዘራበት በቆሎ ነው፤ ታጭዶ ባዶ ሜዳ ነው፣ ዓይን እስኪደክም። ባለቤቱ ጨዋ ወጣት ነው። የድሮ ሠራተኞች የት ነው የተቀበሩት ስንለው ክንዱን ዘርግቶ ሜዳውን ሁሉ አሳየን። አፈር ላነሣ ፌስታል ይዤ ነበር። የቱን ላንሣ? ጣሃ የመጣበትን ሱራ ቀራ፣ እኔ የማውቀውን አባታችን ሆይ አልኩ። ባዶ ፌስታሌን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ።

ሆዴን ጠይቀሻል። ይገዙ ወረቀቶቹን እያየ ለእኔ በአማርኛ ያወራል፣ ከሐኪሞቹ ጋር በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛው ይረዝማል።

በርናባስ

(እኔ ጸሐፊው ጣሃ፦ ፅናት እህቴ፣ ሰላም ብያለሁ። አባባ ሳይሰሙ ነው የጨመርኩት። ዱዓ አድርጉላቸው።)


ሳውላ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ በርናባስ፤

እንኳን ዘመን አሻገረዎ። የማንም ሰው ምርቃት ያልደረሰበት ቦታ የእህትዎ ምርቃት ይድረስልዎ።

ደብዳቤው ስለ ጆሮው የሚለው ጋ ስደርስ እማማ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ቃሉን ሳልጨርስ ግራ ጆሯቸውን ያዙ። «ሕፃን ሳለ ፍንጣሪ አቃጥሎት ነበር» አሉ። «ጆሮው ጫፍ የለውም ነበር። እናቴ ትስመው የነበረው እዚያ ላይ ነው።» ከዚያ ድንኳን ትከሉ አሉ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ገበያ ውስጥ ባቡር ስትለኝ የነበረችው ሁሉ መጥታ አለቀሰች። የሚቀበር ስለሌለ ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር። እማማ በሰው ተደግፈው ወጥተው «ዘጠኝ ዓመቱ ነው» ሲሉ ነው ልቅሶው የተነሣው። ስለ ትልቅ ሰው አላለቀስንም፤ ለልጅ ነው የተለቀሰው።

የዋዜማው ዕለት ሐዲስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስም ጠራ። ሀቢሶን ሳይጠራ አለፈው። እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ።

በማግስቱ ድርሻው ወጣ። ያው እንደ ደንቡ ጥሬውን፣ የቤቱ ሰው እየተቀባበለ ሊበላው። ሐዲስ ቆረሰና አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም አልወረደልኝም። የአጎቶቼ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ያን ሁሉ ዘመን ለመንገደኛ ስንሰጠው የኖርነውን ማን ይውጠው።

እማማ «ወዲህ አምጡት» አሉ። ልፍጭልዎ አልኩ። «ለምን? እሱ ተፈጭቶለት በላ?» አሉኝ። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አስወርደው ከፊታቸው አልጋው ራስጌ ላይ አስቆሙት። ሐዲስ ልቅደደው ሲል «ተው፣ ይየኝ» አሉ። ጥርስ በሌለው ድዳቸው ማላመጥ ጀመሩ። ባለፈው ወር ውኃ እንኳ በማንኪያ የሚወስዱ ሰው ናቸው። ያላምጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ያላምጣሉ። ደጅ ሰዉ ይጨፍራል። ጥላው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አላመጡ። ማንም «በቃዎ» አላለም። በመጨረሻ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ባዶ ነበር።

ስለ እርስዎም ነገር ተነሥቶ ነበር። በዋዜማው ስምዎ ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ሐዲስ «የአባባስ ድርሻ በር ላይ ይሰቀል?» ብሎ ጠየቃቸው። ተቆጡ። «የት እንዳለ እናውቃለን። ጤነኛ ነው። ለቀልደኛ ሥጋ አልሰቅልም፤ መጥቶ ይብላ በይው።» ይህን እንድጽፍልዎ ያዘዙኝ ረቡዕ ነው።

ሐሙስ ቀበርናቸው።

አጎቴ ይገዙ በስልክ «አባቴ አይችልም፣ እንዳትነግሩት» ብሎናል። ብዙ አሰብኩበት። እርስዎ የሀቢሶን ሳይሸሽጉ ነግረውናል። እኔም አልሸሽግዎትም። እባክዎ ይምጡ። ትእዛዛቸውን ነው የጻፍኩልዎ።

ልጅዎ ፅናት


ጆሃንስበርግ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለፅናት፤

በርቺ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ያጥራል።

ስላልሸሸግሽኝ ተባረኪ። እኔም አልሸሽግሽም። ይገዙ እንግሊዝኛውን ትቶ በአማርኛ ነግሮኛል። አውሮፕላን የሚያሳፍረኝ የለም።

እህቴን ቀልጄባት ነው የኖርኩት፤ ይህን ብትሰማ አታምነኝም ነበር። አንቺ ግን ምልክቱን ታውቂዋለሽ። እስካሁን ስለ ባል አላነሣሁብሽም።

በሚመጣው መስቀል ሐዲስ ስሜን ይጥራ። መልስ ሲጠፋ ችቦዬን አጥሩ ላይ ይሰካው፤ ሀቢሶ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ድርሻዬንም ስቀሉልኝ።

አያትሽ በርናባስ